ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ

በጃፓን አገር ትልቅም ትንሽም የሚያውቀው የእጅ ጨዋታ አለ። ስሙ ጃንከን ይባላል። እኛ ዕጣ ጥለን ወይም «ዘውድ ነው ጎፈር?» ብለን የምንለየውን ነገር፣ እነሱ በዚህ ጨዋታ ይለዩታል።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች እጃቸውን እኩል ያወጣሉ። የተጨበጠ እጅ ድንጋይ፣ የተዘረጋ መዳፍ ወረቀት፣ ሁለት ጣት መቀስ ነው። ድንጋይ መቀስን ይሰብራል፤ መቀስ ወረቀትን ይቆርጣል፤ ወረቀት ድንጋይን ይጠቀልላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ካወጡ እንደገና ይጫወታሉ።

ታዲያ ከሦስቱ የሚበልጠው የትኛው ነው? እርሳስ ይዘን እንቁጠር። እኛ 3 ምርጫ አለን፤ ተጋጣሚያችንም 3 አለው። 3 ጊዜ 3፣ 9 ነው። ከ9ኙ በ3ቱ እናሸንፋለን፤ በ3ቱ እንሸነፋለን፤ በ3ቱ እኩል እንሆናለን። ስለዚህ የሚበልጥ የለም።

ብልሃቱ ታዲያ የት አለ? ሰው ልማድ አለው። ሁልጊዜ ድንጋይ የሚያወጣ ሰው ቶሎ ይነቃበታል፤ በወረቀት ይረታል። ሦስቱን ያለ ተራ የሚያቀያይር ግን አይያዝም።

በ1997 ዓ.ም. አንድ የጃፓን ኩባንያ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የተገመቱ ሥዕሎቹን ሊሸጥ ፈለገ። ክሪስቲስና ሶዝቢስ የተባሉ ሁለት ታላላቅ የሐራጅ ድርጅቶች ሥራውን ፈለጉት። የኩባንያው ኃላፊ መምረጥ ቢቸግረው፣ «በጃንከን ይለይ» አለ። ሁለቱም ምርጫቸውን በጽሑፍ ሰጡ። ሶዝቢሶች የዕድል ነገር ነው ብለው ብዙም አላሰቡበትም፤ ወረቀት ጻፉ። ክሪስቲሶች ግን ጨዋታውን የሚያውቁ የ11 ዓመት መንትያ ልጆችን አማከሩ። ልጆቹ፣ ድንጋይ ሁሉም የሚጠብቀው ስለሆነ መቀስ ይሻላል አሉ። መቀስ ወረቀትን ቆረጠ፤ ሥራው የክሪስቲስ ሆነ። ሶዝቢሶች ድንጋይ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ግን ልጆቹም ባልረዱ ነበር። ማሰብ ይጠቅማል እንጂ ዋስ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን እንለይ። እጅ ልማድ አለው፤ ሳንቲም ልማድ የለውም። ሳንቲም 3 ጊዜ ዘውድ ቢወድቅ፣ «አሁንስ ጎፈር ነው» እንላለን። ስህተት ነው። ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም፤ 4ኛውም እኩል በእኩል ነው። «ብዙ ተበላሁ፤ አሁን ተራው የኔ ነው» ብሎ በሬውን በቁማር ያስያዘ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕድል ዕዳ የለበትም።

ጥያቄዎች
1. ወረቀትን የሚረታው ምንድን ነው?
2. 9ኙን አወጣጥ በደብተርዎ ላይ ይጻፉ።
3. እጅና ሳንቲም በምን ይለያያሉ?