የቦማ አምባ የዱር ቡናና የአየር ጠባይ መለወጥ

በጁባ ከተማ፥ በኮሎሎ ሰፈርም ሆነ በሌላው፥ በመንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥለው ሻይና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አይታጡም። ቡናው ብዙውን ጊዜ ዝንጅብል ይገባበታል፤ የሚፈላበትም ዕቃ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ጀበና ይባላል። ይሁን እንጂ ከጠጪዎቹ መካከል፥ የቡና ተክል ከጥንት ጀምሮ በዱር ከሚኖርባቸው ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዱ በዚያው በደቡብ ሱዳን ምድር እንደሚገኝ የሚያውቀው ሰው ብዙ ላይሆን ይችላል።

ይህ ስፍራ የቦማ አምባ ነው። ከጁባ ወደ ምሥራቅ ርቆ፥ በማጂና በሱርማ ወገን ካለው የኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ፥ ከዙሪያው ትኩስ ሜዳ ከፍ ብሎ የቆመ ምድር ሲሆን፥ በዝናብ ወራት መንገዱ በጭቃ ስለሚዘጋ በመኪና ሊደርሱበት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በ1941 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ኤ. ኤስ. ቶማስ የተባሉ የዕፀዋት ሊቅ ወደ አምባው ወጥተው፥ ማንም ሳይተክለው በደን ጥላ ሥር በገዛ ራሱ የበቀለውን የአረቢካ ቡና መረመሩ፤ ያዩትንም በሚከተለው ዓመት በጽሑፍ አወጡ።

ከዚሁ አምባ የተወሰደ አንድ ዓይነት ዘር «ሩሜ ሱዳን» ተብሎ በምርምር ጣቢያዎች ተተከለ። የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ስለሆነ ለንግድ የሚፈለግ አልነበረም። ነገር ግን የቡና ፍሬ በሽታ የተባለው፥ በኬንያ በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና በ1971 ወደ ኢትዮጵያ የገባው መቅሠፍት፥ እሸቱን እያጠቆረና እያረገፈ ገበሬውን ባዶ እጁን ባስቀረው ጊዜ፥ ይህ የተናቀ ዘር በሽታውን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። የኬንያ ሊቃውንት ከሌሎች ዓይነቶች ጋር አዳቅለው በ1985 «ሩይሩ 11» የተባለውን ቡና ለገበሬዎች ሲሰጡ፥ ለበሽታው የሚበጀው ኃይል በከፊል የተገኘው ከሩሜ ሱዳን ነበር። ፍሬ አልሰጥ ያለ ዛፍ ሁሉ ለማገዶ ብቻ የሚውል አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የዱር ቡና ይህን ያህል የሚፈለግበት ምክንያት ደግሞ፥ በዓለም ላይ የሚለማው አረቢካ ዝምድናው እጅግ የተቀራረበ በመሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሌሎች አገሮች የተሻገረው ዘር ጥቂት ነበር፤ በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የተወሰደው ተክል ዘሮችም ወደ አሜሪካ አገሮች ተሰራጭተው ለብዙ እርሻዎች መነሻ ሆኑ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች በአንድ ዓይነት በሽታ እንደሚያዙ፥ እንዲህ ያለው እርሻም አንድ መቅሠፍት ሲመጣበት በሙሉ ይጠቃል። ልዩ ልዩ ጠባይ ያለው ዘር ተከማችቶ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችና በቦማ አምባ ነው።

ይህ የዱር ሀብት አሁን የገጠመው አደጋ የሙቀት መጨመር ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ምድሩን ቆላ፥ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ መክፈሉ የታወቀ ሲሆን፥ ቡና የወይና ደጋ ተክል ነው። የአየሩ ሙቀት ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በሌላ በኩል ከ1960 እስከ 2006 ድረስ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ እንደ ጨመረ ተገምቷል። ሁለቱን ቍጥሮች አንድ ላይ ቢያሰሉ፥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የወይና ደጋው አየር 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው። ዛፍ ግን እግር የለውም። ዘሩን ተሸክመው የሚያወጡለት ቀዩን ፍሬ የሚበሉት ወፎችና ጦጣዎች ናቸው፤ እነዚህም ደኑ ተቆርጦ ባዶ በቀረበት ሜዳ ላይ በቀላሉ አይሻገሩም።

ነገሩን በስሌት ከመረመሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው የሥነ ምኅዳር ሊቅ ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ናቸው። እርሳቸው በኢሉባቦር በሚገኘው በያዩ ደን የዱር ቡና ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2003 በጀርመን አገር ለቦን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡ ሲሆን፥ ኋላም በእንግሊዝ አገር በኪው ከሚገኘው የንጉሣዊ ዕፀዋት ተቋም ሊቃውንት፥ ከአሮን ዴቪስ፥ ከሱሳና ባዬናና ከጀስቲን ሞት ጋር በኅብረት ሠሩ። ሥራቸው እንዲህ ነበር። የዱር ቡና የታየባቸውን ስፍራዎች፥ በደረቅ ዕፀዋት ማኅደር ካሉት አሮጌ ናሙናዎች ላይ ከተጻፈው ምልክትና በእግር ተጉዘው ከተመለከቱት ሰበሰቡ፤ የያንዳንዱን ስፍራ ሙቀትና ዝናም መዝግበው ቡናው የሚፈልገውን የአየር ጠባይ ወሰኑ፤ ከዚያም ያ ጠባይ በ2020፥ በ2050 እና በ2080 የት እንደሚገኝ አሰሉ። በ2012 የወጣው ውጤት እንደሚያስረዳው፥ ነገሩ እጅግ ቢቀል እንኳ አሁን ቡና ከሚገኝባቸው ስፍራዎች 65 በመቶው እስከ 2080 ድረስ ተስማሚነታቸውን ያጣሉ፤ ቢከፋ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ያጣሉ።

ከሁሉ የባሰው የቦማ ነበር። በኢትዮጵያ ያለው ቡና ሽቅብ የሚሸሽበት ሰፊ ደጋ አለው፤ የቦማ አምባ ግን በቆላ የተከበበ እንደ ደሴት ያለ ምድር ነው። በአፕሪል 2012 ሊቃውንቱ ስፍራውን ሲጎበኙ የቀሩት ዛፎች ጤንነታቸው የጎደለ፥ አበባቸውም የደከመ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ይህ ቡና እስከ 2020 ድረስ ከዱር ሊጠፋ እንደሚችል አስጠነቀቁ። የቦማ ደን የተጎዳው በሙቀት ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ለእርሻ መመንጠሩና እሳቱም ድርሻ ነበራቸው። በዚያው ጉዞ ከነበሩት አንዷ፥ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የዴንቨር የዕፀዋት አትክልት ስፍራ ሊቅ የነበሩት ሳራዳ ክሪሽናን፥ ከባልደረቦቻቸው ጋር የቦማውን ቡና ባሕርየ ዘር መርምረው በ2021 ባወጡት ጽሑፍ፥ ይህ ቡና ከኢትዮጵያውም ሆነ ከሚለማው የተለየ መሆኑን አረጋገጡ። ስለዚህ የቦማው ቡና ቢጠፋ በሌላው ሊተካ አይችልም።

ከ65 እስከ መቶ ድረስ የተዘረጋ ቍጥር ግምት እንጂ እውቀት አይደለም የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ተገቢ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ የመጣው ዓለም ወደፊት ምን ያህል ጭስ ወደ አየር እንደምትለቅ አስቀድሞ ለመወሰን ስለማይቻል ነው። ነገር ግን ስሌቱ የደን መመንጠርን፥ ተባይንና በሽታን፥ ዘር የሚበትኑትን ወፎች ማነስ አልቈጠረም፤ ሊቃውንቱም ራሳቸው ግምታቸው ለዘብ ያለ መሆኑን ተናግረዋል። እነዚህ ቢጨመሩ ቍጥሩ ወደ ባሰው ወገን ይሄዳል።

ስለሚለማው ቡና የተደረገው ጥናት ግን ተስፋም አለበት። ዶክተር ታደሰ፥ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና የኪው ባልደረቦቻቸው በ2017 እንዳሳተሙት፥ ምንም ጥረት ካልተደረገ በኢትዮጵያ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይስማማ ይሆናል፤ ከነዚህም መካከል የሐረር ወገን ክፉኛ ይነካል። እርሻው ወደ ከፍተኛው ምድር ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ወይም እንደገና ቢተከል ግን ተስማሚው መሬት ቢያንስ በአራት እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ይህን ሰምቶ የደጋውን ደን መንጥሮ ቡና ለመትከል የሚነሣ ቢኖር፥ ጥናቱን ፈጽሞ በተቃራኒው ተረድቶታል፤ ለቡናው ጥላና እርጥበት የሚሰጠው ያው ደን ነውና። ከዚህም ሌላ ደጋው ባዶ አይደለም፤ ገብስ የሚዘራበትና እንሰት የሚተከልበት የሰው ርስት ነው። የአንዱ ገበሬ መሬት ለቡና ሲሞቅ የሌላው ይመቻል ማለት ለመጀመሪያው መጽናኛ አይሆነውም። የእርሻ ሹማምንት አስቀድመው ሊመክሩበት የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስድበታል፤ ከዚያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ የሚተከለው ችግኝ የ2050ን ሙቀት ማየቱ አይቀርም። በዝቅተኛው የወይና ደጋ ጫፍ የሚኖር ገበሬ እስከዚያው ድረስ የጥላ ዛፉን እንዳይቈርጥ፥ ሥሩን በጉዝጓዝ አልብሶ እርጥበቱን እንዲጠብቅ፥ ያረጀውንም ቡና በጉንደላ እንዲያድሰው ይመከራል። ይህ ጊዜ ያስገኝለታል እንጂ ሙቀቱን አያስቀርለትም።

ስለ ዱሩ ቡና ደግሞ በ2019 ጀስቲን ሞት፥ ዶክተር ታደሰና አሮን ዴቪስ የጻፉት ልብ ይባላል። የአየር ጠባይ መለወጥ ሳይታሰብ ሲመዘን የዱር አረቢካ ሥጋት የሌለበት ተክል ይመስላል፤ ለውጡ ሲታሰብ ግን ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ይሆናል። በኢትዮጵያ የያዩና የካፋ ደኖች በ2010 በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ተብለው መመዝገባቸው ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የደን ጥበቃ ብቻውን አይበቃም፤ አየሩ ከተጠበቀው ደን ወጥቶ ሊሄድ ይችላልና።

የስንዴና የጤፍ ዘር ደርቆ በብርድ ጎተራ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። የቡና ዘር ግን እንዲህ ያለውን መድረቅና ብርድ አይችልም፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ዘሩን ለማቈየት ዛፉን ራሱን በሕይወት ማቈየት ያስፈልጋል፤ በጅማ ወገን በጮጬ የተተከለው የቡና ዘር ማቈያ እርሻም የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ለቦማውም ቡና የሚበጀው ይኸው ነው፦ በአምባው ከቀሩት ዛፎች ፍሬና ቅርንጫፍ ወስዶ፥ ችግኙን ከፍ ባለና ቀዝቀዝ ባለ ምድር፥ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ፥ የመጣበት ደንና ዛፍ በየራሱ ተመዝግቦ መትከል።