የግድግዳው ሙቀትና የእንቅስቃሴ ሴንሰር፦ በሰንበቴ ቤት ውስጥ ማራገቢያን በራስ-ሰር ስለመቆጣጠር

በዘመናዊ ቤት ላይ የሚሠሩ የመመረቂያ ፕሮጀክቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሠርቶ ማሳያ ይዘው ይቀርባሉ፤ ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ መብራት ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል። ሙከራው ቀዝቀዝ ባለ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚከናወን ሴንሰሩ ይታዘዛል፣ ገምጋሚዎችም ይረካሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንኑ መሣሪያ ከላቦራቶሪው አውጥቶ በቆላ ከተማ በሚገኝ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ይመረምራል። ከዚህ በታች የቀረቡት አኃዞች በስሌት የተገኙ እንጂ በመስክ የተለኩ አይደሉም፤ የስሌቱ መነሻ የሆኑት የሙቀት መጠኖችና የአጠቃቀም ሰዓቶችም ለማነጻጸሪያ የተወሰዱ ናቸው።

ሰንበቴ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በእሑድ ገበያዋ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ በማግስቱ ሰኞ ደግሞ ተራው የባቲ ነው። ይህ የገበያ ሥርዓት ለጉዳያችን ጠቀሜታ አለው። እሑድ አንዳንዱ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ባዶውን ይውላል፤ ሌላው ከሩቅ በመጣ እንግዳ ይሞላል። በተወሰነ ሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ (ታይመር) እንዲህ ላለው ኑሮ አይስማማም። በእንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ቁጥጥር የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ምን እንቆጣጠር?

ሴንሰሩ የትኛውን ዕቃ ይቆጣጠር ለሚለው ጥያቄ አብዛኛው ተማሪ መብራትን ይመርጣል። ስሌቱ ግን ምርጫውን አይደግፍም። 9 ዋት የሚወስድ የኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሴንሰሩ የዚህን ግማሽ ቢያድን ቁጠባው 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በአንጻሩ እንደ ኢኤስፒ32 ያለ ዋይፋይ የሚጠቀም ማይክሮ-ኮንትሮለር፣ ከሬሌዩና ከኃይል መቀየሪያው ጋር በአማካይ 1 ዋት ቢወስድ፣ ሌት ተቀን ስለሚሠራ በወር 0.72 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ብልህ የተባለው መብራት ከቆጠበው በላይ በላ ማለት ነው። (የሴንሰሩ የራሱ ፍጆታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በላተኛው ዋይፋዩና ኃይል መቀየሪያው ነው።) በሌሊት በመጸዳጃ ቤት ደጃፍ ላይ በራሱ የሚበራ መብራት ለደኅንነት ያለው ጥቅም የማይካድ ቢሆንም፣ ይህ ከኃይል ቁጠባ የተለየ ምክንያት ነውና በዚያው ስም ሊቀርብ ይገባል።

ማራገቢያ ግን ሌላ ነው። 60 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ ቤተሰቡ በቀን ሦስት ጊዜ ለ40 ደቂቃ ያህል ከክፍሉ ሲወጣ ሳይጠፋ ቢቀር፣ በየቀኑ ለ2 ሰዓት በባዶ ክፍል ይሽከረከራል፤ ይህም በወር 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሰው በወጣ በ5 ደቂቃ ቢጠፋ ከዚህ ውስጥ 3.15 ይድናል፤ የመቆጣጠሪያው ፍጆታ ሲቀነስ 2.43 ይተርፋል። መጠበቂያው ወደ 30 ደቂቃ ከተራዘመ ግን የሚድነው 0.9 ብቻ ሲሆን የተጣራው ትርፍ ወደ 0.18 ይወርዳል። ስለዚህ «መጠበቂያውን ማርዘም» የሚለው የተለመደ መፍትሔ ሥርዓቱን የተገጠመበትን ዓላማ ያሳጣዋል። ሴንሰሩ ሰው መኖር አለመኖሩን በአጭር ጊዜ ውስጥ በትክክል ማወቅ አለበት። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱና ሴንሰሩ

በተማሪዎች ፕሮጀክቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ኤችሲ-ኤስአር501 የተባለው ሞጁል ነው። ከ3 እስከ 7 ሜትር ርቀት እንዲሠራ ይስተካከላል፤ አንዴ እንቅስቃሴ ካየም ከጥቂት ሰከንድ እስከ 5 ደቂቃ ገደማ ምልክቱን ያቆያል። ራሱ ጨረር አይልክም፤ ከአካባቢው የሚመጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር ብቻ ይቀበላል። 34 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ የሰው ቆዳ በብርታት የሚያመነጨው ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 9.4 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። በሞጁሉ ውስጥ ያለው የፓይሮኤሌክትሪክ ቁስ ሙቀቱ ሲለወጥ ብቻ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራል። ከፊቱ ያለው ነጭ የፍሬስኔል ሌንስ የእይታ መስኩን በክፍልፋዮች ስለሚሸነሽነው፣ ሰው ከአንዱ ክፍልፋይ ወደ ሌላው ሲሻገር ምልክት ይወጣል። የምልክቱ ጉልበት የሚወሰነው በሰውየውና ከበስተጀርባው ባለው ግድግዳ መካከል ባለው የጨረር ልዩነት ነው።

ይህ ልዩነት በስቴፋን-ቦልዝማን ሕግ በቀላሉ ይሰላል። ሁለቱንም ገጾች እንደ ፍጹም ጨረር አመንጪ ብንወስድ፣ 34 ዲግሪ የሆነ ቆዳ በካሬ ሜትር 504 ዋት ገደማ ያመነጫል። 22 ዲግሪ የሆነ ግድግዳ 429 ዋት ያመነጫልና ልዩነቱ 74 ዋት ያህል ነው። ግድግዳው 31 ዲግሪ ሲደርስ ልዩነቱ ወደ 19 ዋት ይወርዳል፤ 33 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 7 ዋት እንኳ አይሞላም። ላቦራቶሪ ውስጥ የታየው ምልክት ከሰዓት በኋላ በቆላ ቤት ውስጥ ሩቡ፣ አንዳንዴም ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ይቀራል። የልብስ ገጽ ደግሞ ከቆዳ ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ሰውነቱን በሙሉ የሸፈነ ሰው ግድግዳውን ይመስልና ለሴንሰሩ የሚታዩት ፊቱና እጆቹ ብቻ ይሆናሉ።

እንግዲህ የቁጠባ ትርፍ ያለው ማራገቢያው ላይ ነው፤ ማራገቢያው የሚፈለገው በትኩሳቱ ሰዓት ነው፤ ሴንሰሩ የሚዳከመውም በዚያው ሰዓት ነው። በሙቀት ሰዓት ሰው ይቀመጣል እንጂ አይንቀሳቀስምና ችግሩ ይደረባል።

ስሕተቶቹም እኩል ክብደት የላቸውም። ማራገቢያው በባዶ ክፍል ቢሽከረከር የሚባክነው ጥቂት ኃይል ነው። አልጋቸው ላይ ጋደም ባሉ አረጋዊት እናት ወይም በተኛ ሕፃን ላይ ቢጠፋ ግን ጉዳቱ በሰው ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች የሁለቱን ስሕተቶች ድምር አንድ «የትክክለኛነት መቶኛ» አድርገው ማቅረባቸው ይህን ልዩነት ይሰውረዋል።

የሚሻሻሉ ነገሮች

የመጀመሪያው ማሻሻያ ወጪ የለውም፤ የሴንሰሩን አቅጣጫ መቀየር ነው። በእኩል ከፍታ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ከሚመለከት ይልቅ፣ ከግድግዳው ላይኛ ክፍል ወደ ወለሉ አዘንብሎ ቢተከል ከበስተጀርባ የሚያየው ወለሉን ይሆናል። የአፈርም ሆነ የሲሚንቶ ወለል መሬቱን ስለሚነካ ቀን ላይ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ውኃ ከተረጨበት ደግሞ ይበልጥ። ወለሉ 26 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ ከ19 ወደ 50 ዋት ይመለሳል። ሴንሰሩን ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ክዳን ሥር መስቀል ግን አይመከርም፤ መሣሪያው ራሱ ይጋላል። ሰው በሴንሰሩ ፊት አቋርጦ ሲያልፍ ምልክቱ ጠንካራ፣ ወደ ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ግን ደካማ ስለሆነ የበሩና የመቀመጫው አቀማመጥም ይታሰብበት።

ሁለተኛው፣ የሙቀት ማካካሻ ነው። በሞጁሉ ሰሌዳ ላይ ለቴርሚስተር የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፋለን። ማካካሻው የክፍሉ ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት ሲጠጋ የሴንሰሩን ንቃት ይጨምራል። ሆኖም ንቃቱ ሲጨምር ሐሰተኛ ምልክትም ይጨምራል። ፀሐይ ያሞቀውን የመስኮት መጋረጃ ማራገቢያው ራሱ ሲያወዛውዘው ሴንሰሩ ሰው አየሁ ይላል።

ቁጭ ያለ ሰው የሚታወቀው በሌላ ዘዴ ነው። 24 ጊጋ ኸርዝ ላይ የሚሠሩ አነስተኛ ራዳሮች በመተንፈስ የሚነሣውን የደረት እንቅስቃሴ ሳይቀር ይለያሉ፤ የግድግዳ ሙቀትም ግድ አይሰጣቸውም። ይሁንና የሚሽከረከር የማራገቢያ ምላስም ለእነርሱ እንቅስቃሴ ነው፤ ማራገቢያው አንዴ ከተነሣ ራሱን በራሱ ሲያስቀጥል ሊያድር ይችላል። ኤልዲ2410 በተባለው ዓይነት ላይ የእይታው ርቀት በ0.75 ሜትር እርከን ስለሚከፈል ማራገቢያው ያለበትን እርከን ማደንዘዝ ይቻላል። ለዚህም ራዳሩ ከማራገቢያው በተለየ ርቀት አልጋውንና መቀመጫውን እንዲያይ መተከል ይኖርበታል። ሌላው ጣጣ የኪራይ ቤት ነው። ሞገዱ በቺፕውድ የተከፈለን ግድግዳ ስለሚያልፍ የጎረቤት እንቅስቃሴ የእኛን ማራገቢያ ያስነሣል፤ የሚቆጥረው ግን የእኛ ቆጣሪ ነው።

በውጭ አገር የሚዘወተር ሦስተኛ መንገድም አለ፤ በር ላይ መግነጢሳዊ ማብሪያ ይገጠምና በሩ ከተዘጋ በኋላ እንቅስቃሴ ከታየ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ሰው አለ ተብሎ ይወሰዳል። በቆላ ቤት ቀን ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ መጋረጃ ብቻ ይንጠለጠልበታልና ይህ ስልት የሚያገለግለው ለሌሊት ብቻ ነው።

ስለዚህ የምመርጠው ጥምረት የሚከተለው ነው፤ ማራገቢያውን ወደ ወለል ያዘነበለው የኢንፍራሬድ ሴንሰር ያስነሣዋል፣ እርከኑ የተስተካከለለት ራዳር ያስቀጥለዋል፣ ሁለቱም ለ5 ደቂቃ ዝም ሲሉ ይጠፋል። በግድግዳው ላይ ያለው ተራ ማብሪያ ማጥፊያም ከመቆጣጠሪያው በላይ ሥልጣን ይኑረው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የኢንፍራሬድ ሞጁሉ እስኪረጋጋ አንድ ደቂቃ ያህል የተዛባ ምልክት ስለሚሰጥ፣ ፕሮግራሙ የመጀመሪያዎቹን 60 ሰከንዶች ምልክት አይቀበልም፤ ኃይል ከመቋረጡ በፊት የነበረውንም ሁኔታ በቋሚ ማህደር ይይዛል።

ይህን በመስክ ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በግድግዳው፣ በወለሉና በቆርቆሮው ላይ አንዳንድ ቴርሞሜትር ይደረግ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ከሴንሰሩ በ2፣ በ4 እና በ6 ሜትር ርቀት አሥር አሥር ጊዜ ያቋርጥ፤ ከዚያም ለ20 ደቂቃ ይቀመጥ። ውጤቱ በሰዓትና በገጽ ሙቀት ተከፍሎ ይመዝገብ፤ ያለ ሰው መነሣቱና ሰው እያለ መጥፋቱም በየራሳቸው ዓምድ ይጻፉ።