የፈተና ውጤት እንዴት ይነበባል?

የፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር በየቤቱ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት አመጣህ?» የሚል ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው። በዚህ ትምህርት ኬንያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የተሰጠውን የ8ኛ ክፍል ፈተና እንደ ምሳሌ ወስደን የውጤት አነባበብን እንመለከታለን። በሀገር ቤት «ሚኒስትሪ» የተፈተነ ወላጅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ኬ.ሲ.ፒ.ኢ. የሚባለው ይህ ፈተና ከ1985 እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) ተሰጥቷል። በካኩማና በዳዳብ የነበሩ ስደተኛ ተማሪዎችም ከኬንያውያን ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሃያ ዓመታት ውጤቱ በአምስት ወረቀቶች የሚታሰብ ሆኖ ጠቅላላው 500 ነበር።

በካርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር ተማሪው በትክክል የመለሰው ጥያቄ ብዛት አልነበረም። አንዱ ወረቀት ከሌላው ይከብዳልና ጥሬው ውጤት አማካዩ 50 በሆነ አንድ የጋራ መለኪያ ይለወጥ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተማሪው ጥሬ ውጤት ላይ የተፈታኞቹ ሁሉ አማካይ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ የውጤቶችን መራራቅ ለሚለካው ቁጥር ይካፈላል፤ የተገኘው በ15 ተባዝቶ 50 ይደመርበታል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ተማሪ በሒሳብ 52፣ በእንግሊዝኛ 60 አገኘች እንበል። የሒሳብ አማካይ 40፣ መራራቁ 15 ቢሆን 12 ለ15 ሲካፈል 0.8 ይሆናል፤ በ15 ተባዝቶ 50 ሲደመርበት 62 ይመጣል። የእንግሊዝኛው አማካይ 65፣ መራራቁ 10 ቢሆን ደግሞ ውጤቷ 42.5 ብቻ ነው። አባቷ «ሒሳብ ደካማ ነሽ» ብሎ ቢቆጣት ተሳስቷል፤ ጉድለቱ ያለው እንግሊዝኛው ላይ ነው።

ስለ ምርጫ ጥያቄም አንድ ነገር እንጨምር። የሒሳቡ ወረቀት 50 ጥያቄ ነበረው፤ ለእያንዳንዱም አራት ምርጫ። ምንም ያላነበበ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር 12 ወይም 13 ያህሉን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከ50 ጥያቄ 13 መመለስ «ሩቡን ያውቃል» ማለት አይደለም። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ድርሰት ግን ግምት አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ ድርሰት 40 ነጥብ ተመድቦ ነበር። በቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። እኛ ብዙ ቁጥርን በቃሉ መጨረሻ እናመለክታለን፤ «ቤት» ብለን «ቤቶች» እንላለን። ስዋሂሊ መጀመሪያውን ይለውጣል፤ ቅጽሉም አብሮ ይለወጣል። «ኪታቡ ኪዙሪ» ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ሲበዛ «ቪታቡ ቪዙሪ» ይሆናል። ይህን ሳይለማመድ ፈተና የሚገባ ልጅ ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም ነጥቡን ያጣል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት አማካይ እንለፍ፤ ወላጆች በስብሰባ ላይ የምትሰሙት ቁጥር ይህ ነው። አንድ ትምህርት ቤት አምና አራት ተማሪዎች አስፈተነ እንበል፤ ያገኙትም 310፣ 290፣ 280 እና 260 ነው። አማካዩ 285 ይሆናል። ዘንድሮ አራት ተማሪዎች 315፣ 295፣ 285 እና 265 አገኙ። ከእነዚህ ሌላ ትምህርት ሊያቋርጡ የነበሩ ሁለት ልጃገረዶች በመምህራንና በእናቶቻቸው ምክር ቀርተው ተፈተኑና 230 እና 224 አመጡ። የስድስቱ አማካይ 269 ነው። ትምህርት ቤቱ በ16 ነጥብ ወረደ ይባላል። የወረደ ሰው ግን የለም፤ አራቱ ቦታዎች እያንዳንዳቸው በአምስት ነጥብ ከፍ ብለዋል፤ ሁለት ልጆችም ከመቅረት ድነዋል።

አማካይን ብቻ የሚያሳድድ ትምህርት ቤት በተቃራኒው ደካማውን ልጅ ክፍል ያስደግማል፤ ወይም ሌላ ቦታ ሄዶ እንዲመዘገብ ያደርጋል። የኬንያ መንግሥት በ2014 የትምህርት ቤቶችን ደረጃ በተርታ ማውጣቱን ያቆመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። እንግዲህ አማካዩ ሲነገራችሁ «ስንት ተፈተኑ? አምና 7ኛ ክፍል ከነበሩት ውስጥስ ስንቱ የሉም?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ መምህሩን መድፈር አይደለም።

አሠራሩ ዛሬ ተለውጧል። በአዲሱ ሥርዓት የ6ኛ ክፍል ምዘና በ2022፣ የ9ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በ2025 ተጀምሯል። በ9ኛ ክፍሉ ዘጠኝ የትምህርት ዓይነቶች አሉ፤ እያንዳንዱ በስምንት እርከን ይለካል፤ ከፍተኛው ድምር 72 ነው። ለቀጣዩ ትምህርት ቤት ምደባ የ9ኛ ክፍሉ ፈተና 60 ከመቶ ሲይዝ፣ የ6ኛ ክፍሉ 20፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል በትምህርት ቤት የሚሰጠው ምዘና ደግሞ 20 ከመቶ ይይዛል። ስለዚህ በራሽን ቀን ልጁን ወረፋ ለማሰለፍ የምታስቀሩ ወላጆች፣ ያ ቀን የምዘና ቀን እንዳይሆን አስቀድማችሁ መምህሩን ጠይቁ። የግድ ከሆነም ልጁ ምዘናውን በሌላ ቀን እንዲወስድ ተነጋገሩ።

መልመጃ፦ አንድ ተማሪ በሳይንስም በኅብረተሰብ ትምህርትም ጥሬ ውጤቱ 65 ነው። የሳይንስ አማካይ 45፣ መራራቁ 20፤ የኅብረተሰብ አማካይ 50፣ መራራቁ 10 ነው። ሁለቱን ወደ ጋራው መለኪያ ለውጡና በየትኛው እንደሚበልጥ አሳዩ። ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሞክሩት።