ያለ መያዣ የሚሰጥ የሞባይል ብድር፦ የሕግና የሥነ ምግባር ጥያቄዎች

የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሞዴል የገቢውን ምንጭ ብቻ ሳይሆን የሚሰበስበውን መረጃም ይወስናል። ያለ መያዣ በሞባይል የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ለዚህ ማሳያ ነው፤ አበዳሪው በቤት ወይም በመኪና ምትክ የደንበኛውን የግብይት ታሪክ ይመዝናል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ግን ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ይሁንና ሕጉ መውጣቱ የሥነ ምግባሩን ጥያቄ አይዘጋውም፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ካልተጫነ ብድር የማያገኝ ሰው ፈቃዱ ምን ያህል ነጻ ነው? ስለሆነም የሞዴሎቹ ጥናት ከትርፍና ከቴክኖሎጂ ባሻገር፣ ብድር የተከለከለ ደንበኛ ምክንያቱን ለማወቅና ውሳኔውን ለመሞገት የሚችልበት መንገድ መኖሩን ሊመረምር ይገባል።