ኑዛዜን ስለ መጻፍና ስለ ማደስ

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! በዱቤ የሰጠኸውን ዕቃ በመዝገብህ ሳትጽፍ ሱቅህን አትዘጋም። ታዲያ በእጅህ ያለው የሰው አደራ፥ ያልከፈልኸውም ዕዳ የት ተጽፏል? የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም፥ ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንኳ ሊያድር እንደማይገባው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ኢብን ዑመር አስተላልፈዋል።

አንዳንዱ ግን፦ «ድርሻውን ቁርአን ከፍሎታል፤ የእኔ ጽሕፈት ምን ይጨምራል?» ይላል። መጻፉ ሞትን የሚጠራ የሚመስለውም አይታጣ። በእርግጥ የወራሾች ድርሻ በሱረቱ ኒሳእ ተወስኗል፤ ነገር ግን ውርስ የሚከፈለው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑ በዚያው ተነግሯል። ዕዳህንስ ከአንተ በቀር ማን ያውቀዋል? ሚስትህ ናትን? ወይስ ሕፃናትህ?

አንድ ጊዜ ጽፎ በሣጥን መቆለፍም አይበቃም። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በስንብቱ ሐጅ ዓመት፥ በ10 ዓመተ ሂጅራ፥ መካ ላይ በብርቱ ታመው ነበር። ያን ጊዜ የነበረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ከሀብታቸው ሁለቱን ሲሶ፥ ቀጥሎም እኩሌታውን ለምጽዋት ሊናዘዙ ቢጠይቁ ነቢዩ ከለከሏቸው፤ ሲሶውን ፈቀዱላቸው፥ እርሱም ብዙ መሆኑን ነገሯቸው። ሰዕድ ግን ዳኑ፤ ብዙ ዓመትም ኖረው ወንዶችና ሴቶች ልጆች ወለዱ። በአንዲት ልጅ ዘመን የተጻፈ ኑዛዜ ለእነዚያ ሁሉ እንዴት ይስማማል?

እንግዲህ ለዘካ ሒሳብህን በምትመረምርበት ወር ኑዛዜህንም አብረህ አውጣ። የተከፈለውን ዕዳ ሰርዝ፤ አዲሱን ጨምር፤ ለወራሽ ከድርሻው በላይ ጽፈህ እንደ ሆነ አስተካክል። ከዚያም ሁለት ታማኝ ሰዎችን አስመስክር፤ ወረቀቱ ያለበትንም ስፍራ ለቤተ ሰብህ ንገር።