ስድስት ከተሞች፣ ሁለት ጥያቄዎች

ስለ አየር ብክለት የሚነሳ ክርክር ቶሎ ይጋጋላል። አንዱ «ሰው እያለቀ ነው» ይላል፤ ሌላው «እንጀራችንን ሊዘጉብን ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ መደማመጥ የለም። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ሙግት ይዘው ሲመጡ በአሜሪካ ስድስት ከተሞች ስለተካሄደ ጥናትና ጥናቱ ስለቀሰቀሰው ረጅም ጠብ እነግራቸዋለሁ። በዚያ ጠብ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚደባለቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንደኛው «ጭሱ ሰውን ምን ያደርገዋል?» የሚል ነው። ሌላው «እሱን ለመቀነስ ምን ያህል ይከፈል? ማንስ ይክፈል?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን መለኪያ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ግን ሕዝብ ተመካክሮ ነው የሚወስነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥናቱ ከየት መጣ

በ1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ ሲያቆሙ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሰልፈር ወደበዛበት የድንጋይ ከሰል ይዞራሉ የሚል ስጋት ተፈጠረ። የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት ሥራ ጀመሩ። የአየራቸው ንጽሕና የተለያየ ስድስት ከተሞችን መረጡ፦ ፖርቴጅ፣ ቶፒካ፣ ዋተርታውን፣ ሃሪማን፣ ሴንት ሉዊስና ስቱበንቪል። ፖርቴጅ በዊስኮንሲን ያለች፣ አየሯ ከስድስቱ ሁሉ የጠራ ትንሽ ከተማ ናት። ስቱበንቪል ደግሞ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች የብረት ፋብሪካ ከተማ ስትሆን ከስድስቱ የባሰው አየር የእሷ ነበር።

8,111 አዋቂዎች ተመዘገቡ። ያጨሱ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተማሩ፣ በሥራ ቦታቸው አቧራና ጭስ ይኖር እንደሆነ፣ ክብደታቸውና ቁመታቸው ሁሉ ተጻፈ። ከዚያ ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ በታኅሣሥ 1993 ታተመ።

ከሞት ጋር ጎልቶ የተያያዘው ደቃቁ ብናኝ ነበር፤ ዛሬ ፒኤም 2.5 የምንለው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት የሠላሳኛ እጅ ያህል ነው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፣ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል፤ እዚያ የሚያስነሳው ብግነት ልብንና የደም ሥርን ጭምር ይጎዳል። አማካይ መጠኑ በፖርቴጅ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 11 ማይክሮግራም፣ በስቱበንቪል ደግሞ 30 ገደማ ነበር። የስቱበንቪል ነዋሪዎች የሞት መጠን ከፖርቴጅ በ26 በመቶ በልጦ ተገኘ።

«ግን እኮ ያጨሱ ነበር!»

ይህ ተማሪ ሁሉ የሚያነሳው፣ ማንሳትም ያለበት ጥያቄ ነው። የብረት ፋብሪካ ከተማ ውስጥ አጫሽ ሊበዛ ይችላል፤ ሥራው ይከብዳል፣ ድህነትም ይኖራል። ጭሱ ያላደረሰውን ሞት በጭሱ ላይ ጭነን ቢሆንስ?

26 በመቶ የሚለው ቁጥር እነዚህ ልዩነቶች በስሌት ከተለዩ በኋላ የቀረው ነው። አጫሹ ከአጫሽ፣ የማያጨሰው ከማያጨሰው፣ የተማረው በትምህርት ከሚመስለው ጋር እንዲነጻጸር ተደርጓል። ማጨስ ከከተማው ጭስ እጅግ የባሰ አደጋ መሆኑም በዚያው ጥናት ታይቷል፤ ተመራማሪዎቹ አልደበቁትም። አጫሽነት ተቀንሶም ቢሆን የከተማው ጭስ የራሱ ድርሻ ቀረ።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ ከተሞቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ስድስት ነጥቦች በአጋጣሚም ሊሰለፉ ይችላሉ። በ1995 ግን በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ151 ከተሞች ከ500,000 በላይ ሰዎችን የተመለከተ ጥናት ወጣ፤ አቅጣጫው ተመሳሳይ ሆነ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የዩታ ሸለቆ ታሪክ ነው። በፕሮቮ ከተማ አጠገብ ያለ ጄኔቫ የተባለ የብረት ፋብሪካ ከ1986 ነሐሴ እስከ 1987 መስከረም ድረስ ተዘጋ። የዘጋውም ከጤና ጋር የማይገናኝ የአሠሪና የሠራተኛ አለመግባባት ነበር። አርደን ፖፕ የተባለ ተመራማሪ የሆስፒታል መዝገቦችን አገላበጠ። ፋብሪካው በሚሠራባቸው የብርድ ወራት በብሮንካይትስና በአስም ሆስፒታል የሚተኙት ሕፃናት ፋብሪካው ከተዘጋበት የብርድ ወራት ሁለትና ሦስት እጥፍ ነበሩ። ሸለቆው ያው፣ ሕዝቡ ያው ነው። ያውም በዚያ ሸለቆ የሚበዙት ማጨስን የሚከለክለው የሞርሞን እምነት ተከታዮች ስለሆኑ የሚያጨሰው ሰው ጥቂት ነው።

ጠቡ

በ1997 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በእነዚህ ጥናቶች ተደግፎ ለፒኤም 2.5 የመጀመሪያውን ገደብ አወጣ፤ በዓመት አማካይ 15 ማይክሮግራም። ገደቡ ገንዘብ ይጠይቃል። የኃይል ማመንጫው፣ የብረት ፋብሪካው፣ የጭነት መኪናው ባለቤት ሁሉ ተነሳ። የሚከራከሩት ስለ ወጪው ቢሆን ኖሮ መብታቸው ነበር፤ ክርክሩም ቀና ይሆን ነበር። ዱላው ግን በጥናቱ ላይ አረፈ። «ጥሬ መረጃውን አውጡ፣ ካላወጣችሁ አናምንም» ተባለ። ተመራማሪዎቹም «ለተሳታፊዎቹ ምስጢር እንጠብቃለን ብለን ቃል ገብተናል» አሉ።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነበራቸው። የሚያስከፍል ውሳኔ የቆመበት ስሌት መመርመር አለበት። ስለ ሕመሙና ስለ ልማዱ ሁሉን ነግሮ ለጥናት የተባበረ ሰው ደግሞ አደባባይ መውጣት የለበትም። መፍትሔውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ቦስተን ውስጥ የጤና ተፅዕኖዎች ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም አለ። ገንዘቡ ግማሽ ከአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው፣ ግማሽ ከተሽከርካሪ አምራቾች ይመጣል፤ ተቆጣጣሪውም ተቆጣጣሪውን የሚፈራውም እኩል ይከፍሉበታል ማለት ነው። ጥሬ መረጃው ለዚህ ተቋም ተሰጠ። ተቋሙም በኦታዋ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ክረውስኪ የሚመራ፣ በመጀመሪያው ሥራ እጁ የሌለበት ቡድን መረጠ። ቡድኑ መጠይቆችንና የሞት ምስክር ወረቀቶችን ከመዝገቡ ጋር አመሳከረ፤ ስሌቱንም በራሱ ዘዴዎች እንደገና ሠራ። ሪፖርቱ በ2000 ወጣ። 26 በመቶ የነበረው ቁጥር 28 ሆነ።

ዳግም ምርመራው አዲስ ነገርም አገኘ። ጉዳቱ እኩል አይደርስም፤ ትምህርታቸው ዝቅ ባለ ሰዎች ላይ ይጠነክራል። እኔ እንደማምነው ከሪፖርቱ ሁሉ ይህ ነበር በሰፊው መነገር የነበረበት፤ ጭሱን ለመቀነስ ያልወጣውን ገንዘብ ማን በሳንባው እንደከፈለ ያሳያልና።

ሕጉ ያሰመረው መስመር

የጭነት ማጓጓዣ ድርጅቶች ማኅበር ገደቡን በመቃወም ክስ መሥርቶ ነበር። በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እንደ አገሪቱ የንጹሕ አየር ሕግ፣ ገደቡ ሲወጣ የሚታየው ጤና ብቻ ነው፤ ወጪ ግምት ውስጥ አይገባም። ወጪው የሚታሰበው ግዛቶች ወደ ገደቡ በምን መንገድና በምን ፍጥነት እንደሚደርሱ ሲያቅዱ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት ቦታ ተሰጣቸው።

ጠቡ በዚህ አላበቃም። በ2018 ጥሬ መረጃቸው ለሕዝብ ያልተገለጠ ጥናቶች ለደንብ መሠረት መሆናቸውን የሚገድብ ሐሳብ ቀረበ፤ በጥር 2021 ጸደቀ፤ በሳምንታት ውስጥ ፍርድ ቤት ሻረው። በመካከሉ በስድስቱ ከተሞች የተደረገው ክትትል ቀጥሎ ነበር፤ ደቃቁ ብናኝ ሲቀንስ የሞት መጠኑም እንደቀነሰ በ2006 ታተመ።

በእኛ ሰፈር

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል እዚህም ውጭም ያለው ወገናችን ተሟገተ። መንግሥት ያነሳው ዋና ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር፤ ተሟጋቹ ግን ጭሱን፣ ምንዛሪውን፣ የመብራት መቆራረጡን፣ የባትሪ ዋጋውን ባንድ ቋት ከተተው። «ቻርጅ ማድረጊያ የት አለ?» የሚለው ሰው የናፍጣ ጭስ አይጎዳም አላለም። «ጭሱ ልጆቻችንን ይጎዳል» የሚለውም ቻርጅ ማድረጊያው የት እንዳለ አልመለሰም። እንዲህ ያለ ክርክር ሲገጥማችሁ ተናጋሪውን «ጭሱ አይጎዳም እያልክ ነው፣ ወይስ ይጎዳል ግን ወጪው በዛ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወጪው በዛ ካለ ስለ ወጪው እንነጋገር፤ የከበረ ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤት ምግብ የሚበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ከጉልቻው የሚወጣው ጭስ በዚያው ደቃቅ ብናኝ የተሞላ ነው፤ ቀድመው የሚተነፍሱት እናቲቱና በጀርባዋ ያለው ሕፃን ናቸው። ስለ መኪና የምንጮኸውን ያህል ስለ ጭስ ማውጫና ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ አለመጮሃችን ያሳዝነኛል።

ገና ያላለቀው

ሳይንሱ ሁሉን ዘግቷል ብላችሁ እንዳትወጡ። ገደብ የሚለካው በክብደት ነው፤ ከአውራ ጎዳና የሚነሳ አፈር፣ የእንጨት ጭስና የናፍጣ ጥላሸት በአንድ ሚዛን ይገባሉ። አንድ ማይክሮግራም አፈር እንደ አንድ ማይክሮግራም ጥላሸት ይጎዳል ወይ? ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ጉዳት የለም የሚባል መጠንም እስካሁን አልተገኘም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ምክሩን ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ያወረደው፣ አሜሪካም በመካከሉ ወደ 12 ወርዶ የነበረውን ገደቧን በ2024 ወደ 9 የቀነሰችው ዝቅተኛ በሚባሉ መጠኖችም ጉዳት ስለታየ ነው። አቧራውም፣ ከሰሉም፣ ያረጀው ሚኒባስም በአንድ መንገድ ላይ ለሚገናኙባት ለአዲስ አበባ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ጭሱ ሰውን ምን ያደርገዋል?» የሚለው፣ ቀላል አይደለም፤ ከየትኛው ጭስ እንጀምር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።