«ሰርቪስ» የሚለው ቃልና የእኛ አገልግሎት



ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው «ሰርቪስ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ የሚደርስ አይመስለንም። ሾፌሩ መኪናው ሰርቪስ ገብቶ እንደ ወጣ ይናገራል፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚያመላልሳቸውን መኪና ሰርቪስ ይሉታል፤ ቤት ተከራይ ደግሞ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል «ሰርቪስ ቤት» ይላታል። እንግሊዞችማ የቤተ ክርስቲያንን ጸሎት፣ የውትድርናን ግዳጅ፣ የሻይ ዕቃን ሙሉ ስብስብ፣ በቴኒስ ጨዋታ ኳስ ማስጀመርን ሳይቀር በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በዚህ ስም የሚጠራ ዛፍም አላቸው፤ እርሱ ግን ከሌላ የላቲን ቃል የመጣ ሞክሼ ነውና ከዘመዶቹ አንቆጥረውም።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ሴርቩስ» ባሪያ ማለት ሲሆን «ሴርቪቲዩም» ባርነት ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ከቀደሙት ትርጉሞቹ አንዱ የአምልኮ ሥነ ሥርዓት ነበር። የባርነት ስም እንዴት ለጸሎት ዋለ? እኛም መጀመሪያ ገረመን።

ነገር ግን ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገንም። ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የሚሰጠው የቅኔ ትምህርት ስሙን ያገኘው ከዚህ ከተመሳሳይ ሐሳብ ነው። በግእዝ «ተቀንየ» ማለት ተገዛ፣ አገለገለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቅኔ ከድርሰትነቱ ሌላ ተገዥነት፣ ባርነት ተብሎም ይፈታል። በመዝሙር 2 ቁጥር 11 ለእግዚአብሔር እንድንገዛ የታዘዝንበት የግእዝ ቃል ይኸው ነው። ሰምና ወርቁን ብቻ የምናደንቅ ወጣቶች ይህን እንዘለዋለን። ዕብራይስጡም እንደዚሁ ነው፤ በኦሪት ዘጸአት እስራኤላውያን በግብፅ ጭቃ ረግጠው ጡብ የሠሩበት ድካምና በተራራው ላይ እንዲያቀርቡት የተነገራቸው አምልኮ ከአንድ ሥር በወጣ ቃል ይጠራሉ። የተለወጠው ጌታው ነው። «ዲያቆን» የሚለውም የግሪክ ቃል አገልጋይ፣ በማዕድ የሚላላክ ማለት ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ የተመረጡት በማዕድ አገልግሎት ምክንያት ነበር።

ይህን ስናጠና ያፈርንበት ነገር አለ። በአንድ የንግሥ በዓል እኛ የመዝሙር ልብሳችንን ለብሰን ለ«አገልጋዮች» በተዘጋጀው ወንበር ተቀመጥን። ከሌሊት ጀምረው ውኃ የቀዱት፣ ዳቦ የጋገሩትና ጠላ ያቀረቡት እኅቶቻችን ግን ከዳሱ በር ቆመው ቀሩ። ስማቸውም በአገልጋዮች መዝገብ ላይ አልነበረም። አንዲቱን «ለምን አትቀመጪም?» ብንላት «እኔማ ሥራ ላይ ነኝ፤ አገልጋዮች እናንተ» አለችን። በቃሉ ታሪክ ቢሆን ወንበሩ የእርስዋ ነበር።

ስለዚህ መዝገቡን እንደ አዲስ ልንጽፈው ተነጋግረናል። ውኃ የሚቀዳውም ድስት የሚያጥበውም ይጻፋል፤ ከመዘምራንም በየበዓሉ ጥቂቶች በተራ ወደ ወጥ ቤት ይገባሉ፤ ወንዶችም ጭምር። ተቃውሞ ያለው በመጪው እሑድ ከትምህርት በኋላ ያቅርብ፤ የመጀመሪያው ተራ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ነው።